ያልላክሁት መልእክት ደረሰ

ትናንት ከሰዓት በኋላ እማ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ እኔ ከጎኗ ዱካ ላይ ተቀምጬ የዩኒፎርም ሸሚዝ ቁልፍ ስተክል ስልኬ ጠራ። የደወሉት የወጣት ማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። የጠየቅሽው ክፍል ተፈቅዶልሻል፣ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ያንች ነው አሉኝ። መርፌው አውራ ጣቴን ወግቶኝ ነበር፤ ወላሂ አላመመኝም። ሸሚዙን ጥዬ ከፒያሳ ቁልቁል ሮጥሁ። እውነትም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፦ «የሞርስ ኮድ ትምህርት ለጀማሪዎች። አስተማሪ፦ ነፊሳ።» ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሞርስ ኮድ ላልሰማችሁ፣ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላላክ ነው፤ አያቶቻችን ቴሌግራም የሚሉት ወረቀት ይመጣ የነበረው በዚህ ነው። ተመልሼ ለእማ ስነግራት ቀና ሳትል ደሞዝ አለው ወይ አለችኝ። የለውም አልኋት። «ታዲያ ምን ያስዘልልሻል፣ ቁልፉን ትከይ» ብላ መኪናዋን ረገጠች። ፊቷን አዙራ ስትስቅ ግን አይቻታለሁ።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ «ድሮ» ስትል ሰው እንደሚስቅባት አውቃለሁ። ይሁን፣ ሳቁ፤ እኔም ድሮ አለኝ። የእኔ ድሮ ሳምቡሳ በአምስት ብር የሚሸጥበት፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በሃያ ብር የሚወረድበት ጊዜ ነው፤ አሁን ሃያ ብር ብትዘረጉለት ረዳቱ ቀና ብሎም አያያችሁ። የደሴ ሴት ልጆች ሁሉ እጅጌው ላይ ነጭ ጠጠር የተሰፋበት ጥቁር አባያ የምንመኝበት፣ ያላገኘነው ደግሞ ዶቃ እየለቀምን በገዛ እጃችን የምንሰፋበት ጊዜ ነበር። የእኔው በየመንገዱ ይረግፍ ስለነበር ጓደኛዬ መቅደስ ከኋላዬ እየሄደች «ዘርሽን ዝሪ» ትለኝ ነበር። ሙጋድ መታጠፊያው ላይ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚሞላ ሱቅ ነበር፤ ጧት መንዙማ ይከፍታል፣ ከሰዓት የወሎ ዘፈን፣ ዓርብ ዓርብ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዛሬ እዚያ የስልክ መሸፈኛ ነው የሚሸጠው። ያኔ ሁላችንም ጦርነቱን ሸሽተን ከየሄድንበት ተመልሰን፣ በሩ የተነቀለበት በሩን አስገጥሞ፣ መስኮቱ የረገፈበት ላስቲክ ወጥሮ፣ እንደገና ትምህርት የጀመርንበት ሰሞን ነው። ስልክ ለወራት ጠፍቶ ማን የት እንዳለ ሳናውቅ የከረምንበትን ጊዜ ገና አልረሳነውም ነበር። ትምህርት ቤታችን ሞርስ ኮድ ትዝ ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስልክ ሲጠፋም የሚሠራ ነገር አለ ከተባለ ያኔ የማይቆም ጆሮ አልነበረም።

ኮምቦልቻ ውስጥ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ የሚታይበት ቀን ሊዘጋጅ ስለነበር ከዘጠነኛ ክፍል ሁለት ልጆች ተመረጡ፤ እኔና መቅደስ። መቅደስ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የዴስክ ጓደኛዬ ናት። በረመዳን እኔ ስጾም እሷ ከፊቴ ውኃ አትጠጣም፤ በሁዳዴ እሷ ስትጾም እኔ የወተት ከረሜላዬን እደብቃለሁ። እንዲያስተምሩን የተለመኑት ጋሽ ይማም ናቸው፤ ከእኛ ቤት በላይ፣ ወደ ጦሳ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ቴሌግራም ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን። ከላይ የመሥሪያ ቤት ኮት፣ ከታች ሽርጥ ይለብሳሉ። ኮቱ ለመንግሥት ነው፣ ሽርጡ ለራሴ ይላሉ። የድሮው መምቻ ስለሌላቸው ራሳቸው ሠሩልን፤ ሳንቃ ላይ የተመታ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ አንድ ሚስማር፣ የሬዲዮ ድንጋይ፣ ለድምፁ ደግሞ ከተገነጠለ ባጃጅ የወጣች፣ ፍሬቻ ሲበራ የምትጮኸዋ ነገር። ቆርቆሮውን ስትጫኑት ትጮኻለች፣ ስትለቁት ዝም ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ጎበዝ ተማሪ ሆኜ ሄድሁ። ፊደሎቹን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ነጥቡን በነጥብ፣ ሰረዙን በሰረዝ አሳምሬ ጽፌ፣ ዙሪያውን በአበባ አጥሬ። ጋሽ ይማም ተቀበሉኝ፣ ማሻአላህ አሉ፣ አራት ጊዜ አጠፉትና የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ከተቱት። ለካ ጀማሪ ሁሉ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሞርስን በዓይኑ የያዘ ሰው ድምፁ ሲመጣ መጀመሪያ ነጥብ ይቆጥራል፤ እሱ ሲቆጥር ፊደሉ አልፎ ሄዷል። ስለዚህ እርሳስ እርም ሆነ። መቅደስ መዳፏ ላይ ጽፋ ብትመጣ በእንዶድ አሳጠቧት። አጭሩን ዲ፣ ረጅሙን ዳ እያልን እንደ መንዙማ ተቀባይ እያጨበጨብን ያዝነው። የምንልከው አማርኛ ነው፣ ፊደሉ ግን የእንግሊዝ ነው፤ ኤ ዲዳ፣ ኤም ዳዳ፣ ኢ አንዲት ዲ ብቻ። በሁለት ወር ውስጥ ዓለም ሁሉ ይናገረኝ ጀመር። እማ ኪስ ስትሰፋ መኪናዋ ኤስ ኤስ ይላል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም የማያነበው ደብዳቤ ይሆንብኛል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ፤ ቢና ኤል። ቢ ዳዲዲዲ ነው፣ ኤል ዲዳዲዲ። እጄ ሁለቱን መንታ እንደሆኑ ልጆች ይደባልቃቸዋል። መቅደስ ከእኔ ትዘገያለች እንጂ እንዲህ አይነት ነገር የላትም፤ ጆሮዋ ደግሞ ወርቅ ነው። እኔ ላኪ፣ እሷ ተቀባይ ሆነን ቀረን።

ጋሽ ይማም ከመምታት ይልቅ የሚያስተምሩን የባለሙያ ምግባር ነበር። ቴሌግራም አማና ነው፣ አደራ፣ በጆሮሽ የገባው በአፍሽ አይወጣም ይሉናል። አንድ ታሪካቸውን አልረሳውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሩቅ አገር የመጣ የሞት ወሬ በገዛ እጃቸው ይቀበላሉ፤ የሟች አባት ደግሞ ጎረቤታቸው ነው። መርዶ የሚነገረው ጧት ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ። ሲመሽ ሰውየው በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ገብሱ ዋጋ ሲያጫውታቸው፣ ጋሽ ይማም አብረውት ሳቁ። «ስቄ ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስሁ፤ አማና ይኼ ነው» አሉን። መቅደስ አፍንጫዋን በሻሿ ትጠርግ ነበር። ሌላም አስተማሩን። ላኪ ሲሳሳት አይሸፋፍንም፤ ስምንት ጊዜ ዲ ይመታል። ተሳስቻለሁ፣ ጠብቁኝ፣ ደግሜ እመጣለሁ ማለት ነው። ተቀባዩ ይህን ከሰማ እርሳሱን አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ከራሱ አይሞላም። ከራሱ የሚሞላ ተቀባይ ከሌባ ይብሳል፣ ሌባ ያለውን ነው የሚወስድ፣ እሱ ያልነበረውን ያመጣል ይሉ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ቁርኣን ሱራ ልቤ ላይ ያዝሁት።

ቀኑ ደረሰና በሚኒባስ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት ያወቀ ያውቀዋል፤ ከላይ ጉም፣ ጥምዝምዙን ስትጨርሱ ጸሐይ። ደሴ በሹራብ ተነሥታችሁ ኮምቦልቻ ሹራቡን ተሸክማችሁ ትወርዳላችሁ። ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን ረዳቱ በላስቲክ ጫማው ወለሉን እየመታ ይከተለዋል፤ እኔ ደግሞ የረዳቱን እግር ወደ ፊደል እየመለስሁ ለመቅደስ በጆሮዋ እነግራታለሁ፤ እሷ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። የፈራች መሰለኝ። ጋሽ ይማም ከፊት ነበሩ፤ ሽርጣቸውን ትተው ሱሪ ለብሰዋል። መልእክቱን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጽፈው፣ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ አሽገው ከሁለት ቀን በፊት ለጋሽ ይማም በአደራ ሰጥተዋቸው ነበር። የሚከፈተው እዚያው ነው፣ በእኔ እጅ።

አዳራሹ በእንግዳ ሞልቷል። እኔን ከኮሪደሩ ጫፍ የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ፤ ሽቦው በመስኮት ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ መቅደስ ካለችበት ጠረጴዛ ይደርሳል። ፖስታውን ሰጡኝ፣ በሩ ተዘጋ። ከፈትሁት፦ «እንኳን ወደ ኮምቦልቻ በደህና መጣችሁ»። ኮምቦልቻ! ቢውም ኤሉም አንድ ቃል ውስጥ፣ ተጠጋግተው። መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁና ጀመርሁ። «እንኳን» ሄደ። «ወደ» ሄደ። ኬ፣ ኦ፣ ኤም፣ ከዚያ እጄ ቢ ልበል ብሎ ኤል መታ። ጩኸቱ አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ እኔ ጋ አይደርስም፣ ስሕተቱን ግን ከቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ሰማሁት። እንዳስተማሩኝም ስምንት ጊዜ ዲ መታሁ። ተሳስቻለሁ፣ ጠብቁኝ። ትንፋሼን ሰበሰብሁ፣ ቢስሚላህ አልሁ፣ ጣቴን ቆርቆሮው ላይ ሳደርግ በኮሪደሩ በኩል ጭብጨባ መጣ። እልልታም አለበት። አንድ ትልቅ እንግዳ ገብቶ ነው ብዬ፣ ሙያዬን አላቋረጥሁም። ከቃሉ መጀመሪያ ተነሣሁ። ኮምቦልቻን ሳልደባልቅ መታኋት፣ ዳዲዲዲውን በቦታው፣ ዲዳዲዲውን በቦታው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «በደህና» አልሁ፣ «መጣችሁ» አልሁ፣ ጨረስሁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ስወጣ መቅደስ ወረቀት ይዛ ፎቶ ትነሣለች። የጮኸችው የባጃጅ ነገር ጠረጴዛው ላይ ሽቦዋ ተነቅሎ ተቀምጣለች። ሰው እጄን ይጨብጠኛል፣ ከሩቅ ክፍል አንዲት ፊደል ሳትጎድል ደረሰች ይሉኛል። ወረቀቱን አየሁት። «እንኳን ወደ ኮምቦልቻ በደህና መጣችሁ» ይላል፤ ሙሉው። ቆጠርሁት፣ አሰላሁት፤ ሲያጨበጭቡ እኔ ገና «እንኳን ወደ ኮም» ላይ ነበርሁ። ምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ለስላሳ ሰጡን። ለስላሳው ትኩስ ነበር።

መቅደስን መናኸሪያው ጋ፣ ጋሽ ይማም ቦታ ሊይዙ ሲሄዱ አገኘኋት። ምን እንደሰማች ጠየቅኋት። የላክሽውን አለችኝ። እኔ እኮ አልላክሁም አልኋት። መንገዱን ታያለች፤ ከደረቅ ወደብ የሚወጡ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ነበር፣ እነሱን የምትቆጥር ትመስላለች። በመጨረሻ ነገረችኝ። ጋሽ ይማም ፖስታውን ከዋዜማው በፊት በእንፋሎት ከፍተው፣ አንብበው፣ መልሰው አሽገውት፣ ቃሉን በቃሏ አስይዘዋታል። ይህን ስሰማ እንኳ አንድ ነገር ተስፋ አደረግሁ። ምናልባት ድንጋጤ ይዟት አልሰማችኝ ይሆናል።

«ስምንቱን ሰምተሽዋል?» አልኋት።

«ሰምቻለሁ» አለች። «እያንዳንዷን። ጋሽ ይማም አጠገቤ ቆመው አንብቢው አሉኝ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ምን ላድርግ ነፊስ?»

እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጠብቁኝ ያልሁት የገባቸው እሷና እሳቸው ብቻ ናቸው። የማያውቅ ሰው ቢያጨበጭብብኝ ምን ይገርማል? ያላወቀ አይከዳም።

ወደ ደሴ ስንወጣ ጋሽ ይማም አጠገብ ተቀመጥሁ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ገባቸው። አልካዱም፤ ለዚህ እስካሁን አከብራቸዋለሁ። «ኮምቦልቻ የሚለውን ሳይ ደነገጥሁ» አሉኝ። «ያንችን ቢና ኤል አውቀዋለሁ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ላዋርድሽ? ለአንች ብዬ ነው ልጄ፣ አብሽሪ፣ ማንም አላወቀም።» ድምፃቸው ልክ ታሪክ ሲያወሩልን እንደሚሆነው ለስላሳ ነበር። እኔ ደግሞ የማከብራቸውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው።

«ጋሽ ይማም፣ እርስዎና መቅደስ ካወቃችሁት፣ እኔ ለማን ነበር የምመታው?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም፤ ዳገቱ ላይ ስንገናኝ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ኮታቸውን እያስተካከሉ ሰላም ይሉኛል።

ያን ቀን ደሴ ስንደርስ መምቻውን ለእሳቸው ትቼ ወረድሁ። በማግስቱ ዴስክ ቀየርሁ፤ ለመምህሩ ሰሌዳው አይታየኝም ብዬ። መቅደስ ሁለት ጊዜ መጣች፣ ሁለት ጊዜ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ ሦስተኛ አልመጣችም፤ ቤተሰቧም ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ከሁሉ የከፋው ግን ምስክር ወረቀቱ ነው። እማ ባለ ወርቅ ቀለም ፍሬም ገዝታ ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለችው። ልትለካ የመጣች ሴት ሁሉ እጇን ዘርግታ እንደቆመች «ይች ልጄ ናት ከክፍል ክፍል በሽቦ ያናገረች» ትባላለች። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። እውነቱን ለማንም አልተናገርሁም። አማና የምጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ የማንን አማና እንደምጠብቅ ግን እኔም አላውቀውም።

ወደ ሞርስ የመለሰኝ ሰው አይደለም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ክረምት ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጠፋ፤ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ በራፍ ላይ ወጣ። እኔ ዝናቡን እያየሁ ቆሜ ሳለሁ ጣቴ መስኮቱ ደፍ ላይ ዳዲዲዲ ሲል ያዝሁት። ቢ ነው፤ ሳይሳሳት። ከጋራዥ የባጃጅ ፍሬቻ ድምፅ ለምኜ መምቻ ሠራሁ። ማንንም ማመን ስላልቻልሁ ዘዴ አበጀሁ፦ የምመታውን ስልኬ ላይ እቀዳለሁ፣ ምን እንደመታሁ እስክረሳ ሳምንት እተወዋለሁ፣ ከዚያ ከፍቼ እቀበላለሁ። የዛሬዋ ነፊሳ ለመጪው ሳምንቷ ነፊሳ ትልካለች። መጀመሪያ ከአሥር ቃል ሰባቱ አልገባኝም፤ ያልገባኝን ባዶ እተወው ነበር። ያ ባዶ ቦታ እንዴት ደስ እንደሚል! ማንም የሞላው የለም። ዛሬ አሥሩም ይገቡኛል። መቅደስን ይቅር ብያታለሁ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር፤ ግን ገና ነኝ። ጋሽ ይማምንም ገና ነኝ። ያስተማሩኝን እወደዋለሁ፣ ያደረጉኝን አልወደውም፤ ሁለቱም በአንድ ሆድ ተቀምጠዋል።

ይህን ጽሑፍ እማ ከሰው ከምትሰማው ብዬ ዛሬ ጧት ሁሉንም ነገርኋት። መኪናዋን አቆመች። እየተቆጣች ይሁን እያዘነች ሳይገባኝ ወንበር ላይ ወጥታ ፍሬሙን አወረደችው፤ ወረቀቱን አውጥታ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ መስታወቱን በቀሚሷ ጠርጋ ባዶውን መልሳ ሰቀለችው። «ፍሬሙ ደህና ነው» አለችኝ።

እንግዲህ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የፈለገ ይምጣ፣ የዕድሜ ገደብ የለውም፣ ክፍያ የለውም ብለውኛል፤ ቃላቸውን ለእናንተ አስተላልፋለሁ። ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ኑ። ከሐርቡም፣ ከቦሩ ሜዳም የመጀመሪያው ሚኒባስ ያደርሳችኋል። ከኮምቦልቻ የምትመጡም ኑ፣ ማንም ሁኑ፣ በሩ ላይ አልጠይቃችሁም። ፈጥናችሁ ካልያዛችሁ አትፈሩ፤ እኔ አንድ ፊደል ከሌላ ለመለየት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በስድስተኛው ቅዳሜ ተማሪዎቼ ሕዝብ ፊት ይላላካሉ። መልእክቱን ከእናንተ መካከል የፈለገ ሰው እዚያው ቆሞ ይጽፋል፤ ከላኪው በቀር ማንም አያየውም፣ እኔም አላየውም። ሊደርስ ይችላል፣ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ካልደረሰ፣ አደራችሁን፣ አታጨብጭቡልን።